«አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም
ብርሃንን በማጋደል በማይክሮስኮፕ አጥርቶ ስለ ማየት

ጽሑፌን በኑዛዜ ብጀምር አትፍረዱብኝ። በመጀመሪያው ዓመት የባዮሎጂ ትምህርት፥ ከጉንጫችን ውስጥ በእንጨት ጫፍ ፍቀን ያወጣነውን ሕዋስ በማይክሮስኮፕ እየተመለከትን እንድንስል በታዘዝን ጊዜ፥ እኔ ያየሁት ነጭ ብርሃን ብቻ ነበር። ስላይዱን ወደ ግራ ገፋሁት፤ ወደ ቀኝም ገፋሁት፤ ሌንሱን ከ10 ወደ 40 አዞርሁት፤ ነጩ ብርሃን ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል መጽሐፉን ገለጥ አደረግሁና በዚያ የተሳለውን ሕዋስ ከነአስኳሉ ከነሽፋኑ አሳምሬ ገልብጬ ሰጠሁ። ጥሩ ማርክም አገኘሁ። ይህን በአደባባይ የምናገረው ብቻዬን አለመሆኔን ስለማውቅ ነው። ከመካከላችን ያላየውን ስሎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ!

ነገሩ በማርክ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበኝም ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመካከላችን አንዳንዱ በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ፊት ይቀመጣል። በዚያ መጽሐፍ ገልጦ መገልበጥ የለም። ሆዱን የሚቆርጠው ገበሬ ከቀበሌው በእግሩ ተጕዞ መጥቶ ናሙናውን ይሰጣል፤ መርማሪው አጎንብሶ ያያል፤ ነጭ ብርሃን ብቻ ይሆንበታል፤ በወረቀቱም ላይ «ጥገኛ ተውሳክ አልታየም» ብሎ ይጽፋል። ቃሉ እውነት ነው፤ በእርግጥም አልታየም። ገበሬው የሚሰማው ግን «የለብህም» ተብሎ ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ገበሬው በእግሩ ከመጣበት መንገድ ይበልጣል።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ሳናይ የምንቀረው ነገሩ በጣም ትንሽ ስለ ሆነ ወይም ማይክሮስኮፑ ደካማ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ስላልተስማማ ነው። ይህንንም ለማቃናት የሚያስፈልገው መቀስና አንድ ቁራጭ ጥቁር ካርቶን ብቻ ነው።

ሰፌዱና ደጃፉ

የተወለድሁት በይፋት፥ በአጣዬ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ከወረደ በኋላ ሸዋ ሮቢትንና ጀውሃን እያቋረጠ ወደዚህች ከተማ ያደርሳል። ለዕረፍት ወደ ቤቴ ስወርድ ከጣርማ በር ጫፍ ቆላውን የማየው አብዛኛውን ጊዜ በቀትር ነው፤ በዚያን ሰዓት ይፋት ግራጫ አቡጀዲ እንደ ተዘረጋበት ሜዳ ልሙጥ ሆኖ ይታያል። ስመለስ ግን ከአጣዬ በሌሊት ስለምነሣ በዚያው ጫፍ የምደርሰው በጠዋት ነው፤ ፀሐይ በአፋር በኩል ገና ዝቅ ብላ ስለምትገኝ እያንዳንዱ ኮረብታ፥ እያንዳንዱ ሸለቆ፥ የወንዙም መውረጃ ጭምር ተለይቶ ይታያል። ያው አገር፥ ያው ዓይን ነው፤ የተለወጠው የብርሃኑ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ይህንኑ ነገር ከእኔ አስቀድማ የምታውቀው እናቴ ናት። ባለፈው ዕረፍት ከቤት ውስጥ በደጃፉ አጠገብ ተቀምጣ ሰፌዷን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጋ ምስር ስትለቅም አገኘኋትና፥

«እማዬ፥ ከግቢው ብርሃኑ ይበዛልሽ የለም ወይ? ለምን ከውጭ አትለቅሚውም?» አልኋት።

«ከውጭማ ልጄ ሁሉም ያበራል፤ ሁሉም ካበራ ምኑን ከምኑ ልለየው? ከደጅ በጎን ሲገባ ግን ጠጠሩ ጥላውን ይጥልልኛል» አለችኝ።

እኔም ለአንድ ዓመት ያህል በላቦራቶሪ ያልገባኝ ነገር በዚያች ደቂቃ ገባኝ። የሚቀጥለው ትንተና ሁሉ የእናቴን ቃል በፊዚክስ ቋንቋ ከመተርጎም አያልፍም።

ነጭ በነጭ ላይ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ በመጀመሪያ ዓይናችን ምን ማየት እንደሚችል እንጠይቅ። ዓይን የሚለየው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም የብርሃንን ድምቀትና ቀለም ነው። አንድ ነገር እንዲታየን ከአካባቢው ይልቅ ወይ መጨለም፥ ወይ መብራት፥ ወይም በቀለም መለየት አለበት። ይህንን የብርሃንና የጥላ ልዩነት ኮንትራስት ብለን እንጥራው።

ሕያው ሕዋስ ግን አብዛኛው ውሃ ነው፤ የምናየውም በውሃ ውስጥ አድርገን ነው። ብርሃንን አይውጥም፤ ቀለምም የለውም። ውሃ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.33 ሲሆን፥ የሕዋሱ ውስጣዊ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ከ1.36 እስከ 1.38 ነው። ስለዚህ በሕዋሱ ውስጥ ያለፈው ብርሃን በውሃው ውስጥ ካለፈው ይልቅ በጥቂቱ ይዘገያል፤ መዘግየቱን ግን ዓይናችን አያውቀውም። ንጹሕ ብርጭቆ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢሰጥም በቀላሉ እንደማይለይ ሁሉ ሕዋሱም ከፊታችን ተቀምጦ ይሰወርብናል።

በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው ስሕተት ትልቁን ሌንስ ማዞር ነው። ነገር ግን በነጭ ላይ ያለ ነጭ 400 ጊዜ ቢጎላ የሚገኘው 400 ጊዜ የጎላ ነጭ ነው። ማጉላት አንድ ነገር ነው፤ መለየት ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ልማድ ከኮንደንሰሩ ሥር ያለውን ዳያፍራም ማጥበብ ነው። ኮንደንሰር ስላይዱ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ በታች ሆኖ ብርሃንን ሰብስቦ ወደ ናሙናው የሚልክ ሌንስ ነው፤ ዳያፍራሙም የዚህን ብርሃን ስፋት የሚወስን በር ነው። በሩ ሲጠብብ ኮንትራስት በእርግጥ ይጨምራል፤ ስለዚህ ልማዱ ፈጽሞ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ጥቃቅኑ ዝርዝር ይደበዝዛል፥ በነገሮቹም ጠርዝ ዙሪያ በእውነት የሌሉ ቀለበቶች ይወጣሉ። ዕውር ላለመሆን ብለን ዓይናችንን እንደ መጨፈን ያለ ነው።

ብርሃኑ ወደ ጎን ሲያጋድል

ከኮንደንሰሩ ሥር አብዛኛውን ብርሃን በጥቁር ካርቶን ጋርደን በአንድ ጎን ብቻ ጠባብ መስኮት ብንተው ምን ይሆናል? ብርሃኑ በናሙናው ውስጥ ከአንድ ወገን ብቻ እያጋደለ ያልፍና ከናሙናው በላይ ወዳለው ሌንስ፥ ማለት ወደ ኦብጀክቲቩ፥ በጠርዙ አጠገብ ይገባል።

ሕዋሱ ወፍራምና ቀጭን ቦታ አለው። ስለዚህ እንደ ትንሽ ኮረብታ ወዲህና ወዲያ ተዳፋት አለው፤ እያንዳንዱም ተዳፋት እንደ ፕሪዝም ብርሃኑን በጥቂቱ ያጥፈዋል። አንደኛው ተዳፋት ብርሃኑን ወደ ሌንሱ መሐል ያጥፈዋል፤ ይህ ብርሃን ሳይጠፋ ይገባል፥ ያም ጎን ደምቆ ይታያል። ሁለተኛው ተዳፋት ብርሃኑን ወደ ውጭ ያጥፈዋል፤ ብርሃኑም ቀድሞውን በጠርዙ አጠገብ ስለ ነበረ ከሌንሱ አፍ ውጭ ይወድቃል፥ ያም ጎን ይጨልማል። እንግዲህ ቀለም የሌለው ሕዋስ በአንድ ጎኑ ብርሃን በሌላው ጎኑ ጥላ ይዞ ከመሬቱ ከፍ ያለ መስሎ ይነሣል ማለት ነው።

ብርሃኑ ከየአቅጣጫው በሚመጣበት ጊዜ ይህ ለምን አይሆንም? ከግራ የመጣው ብርሃን ያጨለመውን ጎን ከቀኝ የመጣው ያበራዋልና ነው። ዕዳና ብድር ተጣጥቶ ዜሮ ይቀራል። እናቴ «ሁሉም ካበራ ምኑን ከምኑ ልለየው» ያለችው ይህንኑ ነው።

የአቤ ሒሳብ

የአውሮፓ ተመልካቾች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ዘዴ በልምድ ያውቁት ነበር። ዳያቶም የሚባሉት ጥቃቅን የውሃ አልጌዎች ከሲሊካ የተሠራ ቅርፊት ስላላቸውና ቅርፊቱም እጅግ በተቀራረቡ መስመሮችና ነጥቦች ያጌጠ ስለ ሆነ፥ የማንኛው ማይክሮስኮፕ ሌንስ እነዚህን መስመሮች እንደሚለይ ይወዳደሩ ነበር። መስመሮቹ በቀጥታ ብርሃን ጠፍተው መስተዋቱን ወደ ጎን ሲያጋድሉት ብቅ እንደሚሉም አስተውለዋል። ምክንያቱን አጥርቶ ያስረዳው ግን በጀርመን አገር በየና ከተማ ይሠራ የነበረው ኤርንስት አቤ ነው፤ ጽሑፉንም ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ነው። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች፥ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፥ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

አቤ እንዲህ አለ፦ ብርሃን በተቀራረቡ መስመሮች ውስጥ ሲያልፍ በከፊል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፥ በከፊል ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይበተናል። መስመሮቹ በተቀራረቡ መጠን የተበተነው ብርሃን ከቀጥታው እየራቀ ይሄዳል። ሌንሱ መስመሮቹን ለማሳየት ቀጥተኛውን ብርሃንና ከተበተኑት ቢያንስ አንዱን መቀበል አለበት። ቀጥተኛው ብርሃን በሌንሱ መሐል ከገባ የተበተኑት በሁለቱም ወገን ከአፉ ውጭ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ መስመሩ ይጠፋል። ቀጥተኛውን ወደ አንደኛው ጠርዝ ብንገፋው ግን ከተበተኑት አንዱ ለመግባት የሌንሱን ሙሉ ስፋት ያገኛል።

በቁጥር እንየው። በላቦራቶሪያችን ባሉት ማይክሮስኮፖች በ40ው ኦብጀክቲቭ ጎን ላይ ብዙ ጊዜ 0.65 የሚል ተጽፎ እናገኛለን፤ ይህ ሌንሱ ብርሃንን የሚቀበልበትን የማዕዘን ስፋት የሚገልጽ ቁጥር ነው። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 0.55 ማይክሮን ያህል ነው። (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው።) ብርሃኑ ጠብቦ በመሐል ብቻ ሲመጣ ሌንሱ የሚለየው ከ0.55 ለ0.65፥ ማለት 0.85 ማይክሮን ያህል የተራራቁ መስመሮችን ነው። ብርሃኑ እስከ ጠርዙ ድረስ ሲያጋድል ግን በእጥፍ ተቀራርበው በ0.42 ማይክሮን የተራራቁትን ይለያል። ዳያፍራሙን በሰፊው ብንከፍተውም በሒሳብ የሚገኘው ይኸው 0.42 ነው፤ ነገር ግን ኮንትራስቱ ይጠፋል። እንግዲህ የማጋደል ጥቅሙ ዳያፍራምን በማጥበብ የሚገኘውን ኮንትራስትና ዳያፍራምን በመክፈት የሚገኘውን ጥራት በአንድነት መስጠቱ ነው።

ከአቤ በኋላ ለዚህ ችግር ሌሎች ብልሃቶች ተፈልገዋል። የሆላንዱ ፍሪትስ ዜርኒከ የብርሃንን መዘግየት ወደ ድምቀት ልዩነት የሚለውጠውን ፌዝ ኮንትራስት አስገኝቶ በ1953 የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። በ1975 ደግሞ ሆፍማንና ግሮስ የተባሉት ያጋደለ ብርሃንን በልዩ ማጣሪያ አጣምረው ሌላ ዘዴ አውጥተዋል። ዛሬም ናሙናውን ከግራና ከቀኝ በተራ እያበሩ ሁለቱን ሥዕል በኮምፒውተር በማቀናነስ የሕዋሱን ውፍረት የሚያሰሉ መሣሪያዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ የተደነቁ ናቸው፤ ግን ልዩ ኦብጀክቲቭ ወይም ልዩ መሣሪያ ይጠይቃሉ። ካርቶኑ ምንም አይጠይቅም።

አሠራሩ

ማንም በላቦራቶሪ ሰዓት ሊሞክረው እንዲችል ሥራውን በተራ አስቀምጣለሁ። ለሙከራ የሚሆነው ናሙና ከየቤታችን ይገኛል። ከሸዋ ሮቢት ከሚመጣው ቀይ ሽንኵርት ሥጋ ላይ በውስጥ በኩል የሚላጠው ስስ ሽፋን አንዱ ነው። ከእንጀራ ሊጥ ላይ የሚቀዳው እርሾ ሌላው ነው፤ አንድ ጠብታ በውሃ አቅጥነን ብናየው በውስጡ ያሉት የእርሾ ሕዋሳት በተራ ብርሃን እንደ ጥላ የሳሱ ሲሆኑ፥ በተጋደለ ብርሃን ግን እንደ ተዘራ አተር ድቡልቡል ብለው ይወጣሉ።

1ኛ) በመጀመሪያ ማይክሮስኮፑን እንደ ወትሮው አስተካክሉ። ኮንደንሰሩን ወደ ላይ አውጡት፤ ናሙናውን በ10ሩ ቀጥሎም በ40ው አጥሩት።

2ኛ) ከኮንደንሰሩ ሥር ባለው የቀለም ማጣሪያ ማስቀመጫ ቀለበት ልክ አንድ ክብ ጥቁር ካርቶን ቍረጡ። ከክቡ በአንድ ጠርዝ ላይ የአዲስ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ክፍት ቦታ አውጡለት። ቀለበት ለሌለው ማይክሮስኮፕ ካርቶኑን ከኮንደንሰሩ ሥር በእጅ ይዞ ከጎን ቀስ እያሉ ማስገባት ለሙከራ ይበቃል።

3ኛ) ዳያፍራሙን በሙሉ ክፈቱት፤ አለዚያ በጠርዝ ያወጣችሁትን መስኮት እርሱ ይዘጋባችኋል።

4ኛ) የዓይን ሌንሱን አውጥታችሁ በቱቦው ውስጥ ወደ ታች ተመልከቱ። የኦብጀክቲቩ ጀርባ እንደ ክብ ሜዳ ይታያል፤ የጨረቃችሁም ብርሃን በዚያ ክብ ውስጥ ከጠርዙ አጠገብ መታየት አለበት። ምንም ብርሃን ካልታየ መስኮቱ ከሌንሱ አፍ ውጭ ወድቋልና ወደ መሐል አቅርቡት። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ዘዴው አይሠራም ብሎ ይተወዋል፤ ስለዚህ አትዝለሉት።

5ኛ) የዓይን ሌንሱን መልሱ፤ የጠፋውን ብርሃን ለመተካት መብራቱን ከፍ አድርጉ፤ እንደገናም አጥሩ።

6ኛ) ካርቶኑን በቀስታ አዙሩት። ጥላው በሕዋሱ ዙሪያ አብሮ ሲዞር ታያላችሁ። በአንድ አቅጣጫ የተሰወረው ጠርዝ በሌላው ይወጣል።

ለ10ሩና ለ40ው ኦብጀክቲቭ አንድ ካርቶን አይበቃም። የ10ሩ ብዙ ጊዜ 0.25 ስለ ሆነ አፉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱም ወደ መሐል መቅረብ አለበት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቍረጡና ቍጥሩን ጻፉበት። ኮንደንሰር የሌለው ባለመስተዋት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ከሆነ ደግሞ መስተዋቱን ከመሐል ወደ ጎን አውጥቶ ማጋደል ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሆኖም የፀሐይን ጮራ በቀጥታ ወደ መስተዋቱ ማስገባት ዓይንን ያጠፋልና ከቶ እንዳይደረግ!

በይፋት ቆላ

ካርቶኖቼን በደብተሬ ውስጥ ይዤ ለዕረፍት በወረድሁ ጊዜ በዚያው በቆላው ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። የላቦራቶሪው ባለሙያ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፥ ይህችን ካርቶን ከኮንደንሰሩ ሥር ላስገባት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መሣሪያውን ብቻ እንዳታበላሽብኝ እንጂ የወደድኸውን አድርግ» አሉኝ።

ከፊታቸው የነበረው ስላይድ መርምረው የጨረሱት ነበር። የመንጠቆ ትል ዕንቁላል አግኝተውበታል፤ መድኃኒቱም ታዟል። ካርቶኗን አስገባሁና እርሳቸው ወደ ሌንሱ ጎንበስ አሉ። የመንጠቆ ትል ዕንቁላል ከ60 እስከ 75 ማይክሮን ይረዝማል፤ ከሰው የራስ ፀጕር ውፍረት ብዙም አያንስም፤ ነገር ግን ቅርፊቱ እንደ መስተዋት የጠራና ስስ ነው። በተጋደለው ብርሃን ግን ያ ቅርፊትና በውስጡ እየተከፋፈለ ያለው ሕዋስ ተለያይተው ወጡ። ስላይዱን ጥቂት ገፋ ሲያደርጉት ሌላ አገኙ፤ ቀጥሎም ሌላ። እኔ ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉ። በኋላም ቀና ብለው፥ «ይህን ሁሉ ዘመን ሳላየው ያሳለፍሁት ስንት ይሆን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እርሳቸውን የሚወቅስ ቢኖር ነገሩን አልተረዳውም። እኛ ራሳችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ዳያፍራሙ ምን እንደሚሠራ ሳናውቅ ሕዋስ እየገለበጥን የምናልፍ ሰዎች ነን።

በእንዲህ ያለ ላቦራቶሪ የሚታየው አብዛኛው ነገር ሳይነከር፥ በጨው ውሃ ጠብታ ውስጥ የሚታይ ነው። የአሜባ ሲስት ከ10 እስከ 20 ማይክሮን፥ የጃርዲያ ሲስት ብዙውን ጊዜ ከ11 እስከ 14 ማይክሮን ይረዝማል፤ ሁለቱም ቀለም የለሽ ናቸው። በሉጎል አዮዲን መንከር አስኳላቸውን ያሳያል፤ ስለዚህ አዮዲኑን መተው አይገባም። ነገር ግን አዮዲን ሕያዋኑን ይገድላል፤ እየዋኘች የምትሄደውን ጃርዲያ ወይም እየተሳበ የሚሄደውን አሜባ በሕይወት እንዳለ ለማየት የሚረዳው ብርሃኑን ማጋደል ነው። ሁለቱ ዘዴዎች ተረዳዳፊ እንጂ ተቀናቃኝ አይደሉም።

የአጣዬ ሰው ለምን ይህን ያህል በካርቶን ነገር እንደ ተጨነቀ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ከተማችን በ2013 ዓ.ም. በእሳት የደረሰባትን ጕዳት ያስታውስ። ሁሉን ነገር ከእንደገና በሚጀምር አገር ለላቦራቶሪው የሚገኘው ማይክሮስኮፕ ተራው ማይክሮስኮፕ ነው። ፌዝ ኮንትራስት እስኪመጣ ድረስ ሕመምተኛው አይጠብቅም። ተራውን መሣሪያ እስከ መጨረሻ ችሎታው ድረስ ማሠራት የእኛ ፈንታ ነው።

ጥንቃቄ

አንድ ዘዴ የሚከበረው የማይችለው ነገር ሲነገርለት ጭምር ስለ ሆነ ጕድለቱንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፥ የሚታየው ከፍታና ዝቅታ እውነተኛ ከፍታና ዝቅታ አይደለም። የብርሃን መዘግየት የት ላይ እንደሚጨምርና የት ላይ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ጥላ ነው። ካርቶኑን ግማሽ ዙር ብታዞሩት ኮረብታ የነበረው ጕድጓድ ይሆናል። ስለዚህ «ጕብጕብ ያለ ነው» ብሎ ከመጻፍ በፊት ካርቶኑን አዙሮ መመልከት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፥ ብርሃኑ በሚመጣበት አቅጣጫ በትይዩ የተዘረጋ መስመር ጥላ አይጥልምና አይለይም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም።

ሦስተኛ፥ የሌንሱና የስላይዱ ትቢያ ሁሉ አብሮ ይጎላል፤ የአየር አረፋና የዘይት ጠብታም እንደ ሲስት አምረው ይታያሉ። ዓይን መሠልጠን አለበት፤ መነጽሩም መጽዳት አለበት።

አራተኛ፥ ይህ ዘዴ ለወባ ምርመራ አይደለም። በጊምሳ የተነከረ የደም ስላይድ ኮንትራስቱን የሚያገኘው ከቀለሙ ነው፤ ቀለምን አጥርቶ የሚያሳየው ደግሞ በ100ው የዘይት ሌንስ የሚመጣ ሰፊና ቀጥተኛ ብርሃን ነው። በዚያ ላይ ጥላ መጨመር ማሳሳት ብቻ ነው። ወባ በበዛበት ቆላ የሚሠራ ሰው ደም ለመመርመር ሲቀመጥ ካርቶኑን ማውጣት እንዳይረሳ።

አምስተኛ፥ በጠብታው ውስጥ የሌለውን ብርሃን አያመጣውም። የቢልሃርዚያ ዕንቁላል ለዚህ ምሳሌ ነው። መስኖ ባለበት ሞቃት አገር በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው የአንጀት ቢልሃርዚያ ዕንቁላሉ ከ114 እስከ 180 ማይክሮን የሚረዝምና በጎኑ እሾህ ያለው ስለ ሆነ፥ ከተገኘ ለመለየት አያስቸግርም። ችግሩ ቍጥሩ ማነሱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በተለያዩ ቀኖች ናሙና ደጋግሞ ማየት፥ ወይም ካቶ-ካትስ በተባለው ዘዴ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ በልክ አውጥቶ መቍጠር ነው።

ቢልሃርዚያን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ላስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ያየው በማይክሮስኮፕ አልነበረም። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ሲንሳፈፉ አስተዋለ፤ ከዚያም እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑ በምርምር ተረጋገጠ። ያን ወንዝ ከእርሱ በፊት ብዙ ሰው አይቶታል። ልዩነቱ ያየውን ነገር ሳይጠይቅ አለማለፉ ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ሁለት ነገር አሳስቤ ላብቃ። አንደኛው፥ በማኅበራችን አማካይነት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ለላቦራቶሪያችን ማይክሮስኮፖች ሁሉ ሁለት ሁለት ካርቶን ብንቈርጥ ሥራው ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፤ ወጪውም ጥቂት ወረቀት ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድም አንድ አንድ ይዘን በአቅራቢያችን ላለው ላቦራቶሪ ብናሳይ፥ ከባለሙያዎቹ የምንማረው ከምናስተምረው ይበልጣል።

ሁለተኛው፥ በላቦራቶሪ መዝገባችን ላይ ያየነውን ብቻ እንሳል። ካልታየንም «አልታየኝም» ብለን ከሥሩ በየትኛው ሌንስና በምን ዓይነት ብርሃን እንደ ተመለከትን እንጻፍ። ይህ ልማድ ከዛሬ ካልተጀመረ ነገ በሕመምተኛ ወረቀት ላይ አይመጣም።

እኔ ከዕረፍት ስመለስ ያን የጉንጭ ሕዋስ እንደገና ሠራሁት። ካርቶኑን አስገብቼ ባየሁ ጊዜ ጠርዙ እንደ ቅጠል የታጠፈ፥ አስኳሉ በመሐል ጕብ ያለ፥ በላዩም ጥቃቅን ባክቴሪያ የተበታተነበት ሆኖ አገኘሁት። የሳልሁት ሥዕል የመጽሐፉን ያህል አያምርም፤ ነገር ግን ያየሁት ነው።